ኮርስ መተዊያው ቀን ውጤታችንን ሳናይ ለምን ያልፋል?

የኮዬዋ
ሰኞ፣ ማታ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የማታ ተማሪ ነኝ፤ አካውንቲንግ፣ ሁለተኛ ዓመት። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን ቂሊንጦ በኩል አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ። 10:30 እወጣለሁ፤ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ፤ መንገዱ ከቀናኝ 11:30 ክፍል እደርሳለሁ። ካልቀናኝ 12 ሰዓት ያልፋል።

ባለፈው ሴሚስተር አራት ኮርስ ያዝኩ፤ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት። አንዱ ስታትስቲክስ ነበር። ትምህርት ጥቅምት 3 ተጀመረ ተባለ። የስታትስቲክሱ መምህር ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል የገባው ግን ጥቅምት 13 ነው። አድ ኤንድ ድሮፑ፣ ማለትም ኮርስ መጨመርና መቀነስ የሚቻልበት ጊዜ፣ ደግሞ ጥቅምት 17 አበቃ። እንግዲህ ኮርሱን ልያዘው ወይስ ልተወው ብዬ ለመወሰን የነበረኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ማታ የሠራነውም ስም ማስመዝገብና የኮርስ አውትላይን መቀበል ነበር።

ኅዳር ላይ መሥሪያ ቤቴ ፈረቃ ቀየረብኝ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሥራ ገባሁ። ስታትስቲክስ ሐሙስ ነው። የጓደኞቼን ደብተር እየገለበጥኩ ለመከታተል ሞከርኩ። ሚድ (የአጋማሽ ፈተና) ኅዳር 24 ተፈተንን። ውጤቱ የተለጠፈው ታኅሣሥ 20 ነው። ከ30 ስድስት።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ሬጅስትራር ሄድኩ። «ቀኑ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንዱን ኮርስ ለይቶ መተው አይቻልም፤ ከፈለግሽ ሴሚስተሩን በሙሉ ዊዝድሮው አድርጊ አሉኝ። ሌሎቹ ሦስቱ ደህና እየሄዱ ነበር። ለአንዱ ስል ሦስቱን እንዴት ልጣል? የከፈልኩትስ ብር? ቀጠልኩ። ኤፍ መጣ።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። በሦስቱ ኮርሶች ቢ፣ ቢ እና ሲ ፕላስ አገኘሁ። ስታትስቲክስ ባይኖርበት የሴሚስተሩ ውጤቴ 2.83 ይሆን ነበር። አሁን 2.13 ነው። አዎ፣ ትምህርቱ አልገባኝም ነበር። ግን እንዳልገባኝ በቁጥር ያወቅሁት በሩ ከተዘጋ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

የቀን ገደብ አይኑር አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው። ተማሪ ቢያንስ አንድ ውጤት በእጁ ሳይገባ የመተዊያው ቀን ማለፍ የለበትም። ሁለተኛው ሴሚስተር ሊጀመር ነው። ለዲፓርትመንታችን ደብዳቤ ልጽፍ አስቤያለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ?

ገላን ኮንዶ
ሰኞ፣ ማታ 3:52

አይዞሽ እህቴ። እኔም የማታ ነኝ፤ ሌላ ኮሌጅ።

በእኛ ደግሞ ቀኑን ራሱ አላወቅነውም። ማስታወቂያው «ኮርስ መቀነስ የምትፈልጉ እስከ 28 ድረስ» ይላል። የወሩ ስም አልተጻፈም። እኛ ጥቅምት 28 መሰለን። ለካ ኦክቶበር 28 ኖሯል። ኦክቶበር 28 ማለት ጥቅምት 18 ነው። አሥር ሙሉ ቀን ተበላን። እኔና አምስት ልጆች ቅጹን ሞልተን ጥቅምት 25 ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አዘነችልን፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም ማድረግ አልቻለችም።

ኮሌጁ የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ ደመወዝ የምንቀበለው፣ የቤት ኪራይ የምንከፍለው፣ ጾሙንም በዓሉንም የምንቆጥረው በኢትዮጵያ ነው። ደብዳቤሽ ላይ ይህን ጨምሪበት። ቀን ሲለጠፍ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከነወሩና ከነዕለቱ ስም ይለጠፍ። ለምሳሌ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቢባል ማንም አይሳሳትም።

ሱሉልታ 01
ሰኞ፣ ማታ 4:10

ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነኝ። ድሮፕና ዊዝድሮው ምንና ምን ናቸው? የዶርም ጓደኛዬ ኮርስ ድሮፕ ያደረገ ከግቢ ይባረራል አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።

የድሮ ሬጅስትራር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15

ሱሉልታ ልጄ፣ አትባረርም፤ ተኛ። ኤ ዲ የሚባለው ማሰናበት ውጤት ከተወሰነ ነጥብ በታች ሲወርድ የሚመጣ ነው። ኮርስ መተው ሌላ ነገር ነው።

ለ14 ዓመት ሬጅስትራር ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች የነበረውን ልንገርህ። ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ኮርስ መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ያን ጊዜ የቀነስከው ኮርስ ከምዝገባ ስሊፕህ ይወጣል፤ እንዳልተመዘገብክ ይቆጠራል፤ የትም ወረቀት ላይ አይታይም። ዊዝድሮው ስንል ደግሞ በተለምዶ ሴሚስተሩን በሙሉ መልቀቅ ማለታችን ነው። ለሕመም፣ ለወሊድ፣ ለቤተሰብ ችግር። ክሊራንስ ትዞራለህ፤ የላይብረሪ መጽሐፍ፣ የዶርም ፍራሽ ታስረክባለህ። ስትመለስ ሪአድሚሽን ትጠይቃለህ። ብዙዎቹ ኮርሶች የሚከፈቱት በዓመት አንዴ ስለሆነ አንድ ሴሚስተር ለቀቅሁ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ከዓመት በኋላ ነው። የመንግሥት ተማሪ ደግሞ ዓመት በጨመረ ቁጥር የወጪ መጋራቱም ዕዳ ይጨምርበታል። የምግብና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶው በተማሪው ስም ነው የሚጻፈው።

ሦስተኛም አለ፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ለማንም ሳይናገሩ ክፍል መቅረት። ቅጽ አልሞላም፣ አልፈረመም፤ ዝም ብሎ ጠፋ። መምህሩ ኤን ጂ (ውጤት የለውም ማለት ነው) ይሰጠዋል፤ በጊዜው ካልተስተካከለ ወደ ኤፍ ይዞራል። ልጅ ሆይ፣ ምንም ቢመጣ ይህን አታድርግ።

አሁን ወደ ኮዬዋ ጥያቄ ልምጣ። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ፋይናል ድረስ አንድን ኮርስ ብቻ ለይቶ ለመተው በር የሌለባቸው ተቋማት አሉ። የወደቅሽው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ቀኑ ለምን እንደሚቀድምም ልንገራችሁ፤ ያለ ምክንያት አይደለም። ሴክሽን የሚከፈተው በተማሪ ቁጥር ነው። የመምህሩ ክፍያ፣ የክፍሉ ድልድል፣ የፈተናው ወንበር ሁሉ በዚያ ቁጥር ላይ ይቆማል። ሰዉ በየሳምንቱ እየወጣና እየገባ ከሆነ ሥራ አይያዝም። ስለዚህ እኔም ለዓመታት ቀኑ በጥብቅ ይጠበቅ እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የሐኪም ወረቀት ነው። ከቀኑ በኋላ የምንቀበለው ምክንያት ሕመም ብቻ ነበር። የሚድ ውጤት በተለጠፈ በሳምንቱ የሐኪም ወረቀት ይዘው የሚመጡ ልጆች ይበዛሉ። ብዙዎቹ አልታመሙም። እነሱም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። አንዷ ወረቀቱን ስትሰጠኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጨዋ ቤት የወጣች፣ መዋሸት የማትችል ልጅ ነበረች። «ኮርሱ ከበደኝ» ብላ እውነቱን የምትጽፍበት ቅጽ ስላልነበረን ነው እንዲያ ያደረገችው። ፈርሜ ሰጠኋት። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ስለ እኛ ደንብ አሰብኩ።

የሰበታው
ማክሰኞ፣ ቀን 6:30

የሁላችሁንም አነበብኩ። በአክብሮት ልለይባችሁ።

ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት። ሁለተኛ ዓመት ላይ አፕላይድ ማት ሚድ ከ30 ስምንት አመጣሁ። ያን ጊዜ መውጫ በር ቢኖር ኖሮ በዚያው ቀን እወጣ ነበር። ስላልነበረ ገና መጣ፣ ጥምቀት መጣ፣ እኔ ደብተሬ ላይ ተደፍቼ ከረምኩ። ሲ አገኘሁ። ያ ሲ ከሌሎቹ ኤዎች ሁሉ ይበልጥብኛል።

እኔ የምፈራው ይህ ነው። ቀኑ ወደ ኋላ ከተገፋ ልጁ ገና ሲጀምር «ካልሆነ እተወዋለሁ» እያለ ነው የሚቀመጠው። ያኔ ትምህርቱ ላይ ልቡን አይጥልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የግሩፕ ሥራ አለ። አምስት ሆነን የያዝነውን ፕሮጀክት ሁለቱ በዘጠነኛው ሳምንት ትተው ቢሄዱ የቀሩት ሦስቱ ምን ይሁኑ?

የኮዬዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:05

ወንድሜ፣ ሲህን ስላገኘህ ከልቤ ደስ ይለኛል። የግሩፕ ሥራውንም አላሰብኩትም ነበር፤ ልክ ነህ።

አንድ ነገር ግን ልብ በልልኝ። አንተ ስምንት ማምጣትህን አውቀህ ነው የተዋጋኸው። ገናና ጥምቀትን የተደፋኸው ቁጥሩን ስላየህ ነው። እኔ ቁጥሩን ያየሁት ለፋይናል አንድ ወር ሲቀረው ነው፤ ሐሙስ ማታም ፋብሪካ ነኝ። ጊዜ ያለው ሰው ውጤቱን ሲያይ የበለጠ ያጠናል። ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ ውጤቱን ሲያይ አንዱን ትቶ ሦስቱን ያድናል። ሁለቱም ውሳኔ ነው፤ ሁለቱም ቁጥሩን በጊዜ ማየት ይፈልጋል።

«ሁሉም ይወጣል» ለሚለው፣ በገደብ ማስተካከል ይቻላል ብዬ አስባለሁ። ለምሳሌ በጠቅላላው የትምህርት ዘመን ሁለት ኮርስ ብቻ፣ ከዚያ በላይ አይቻልም ቢባል ሰው በቀልድ አያጠፋውም።

እናት ከለገጣፎ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:40

ልጆቼ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ልጄ ነው ይህን የሚያነብልኝ፤ የምለውንም እሱ ይጽፍልኛል።

ልጄ ባለፈው ዓመት አንድ ትምህርት ከበደው። ለእኔ አልነገረኝም። ለምን አልነገርከኝም ብለው «ኮርስ ላቋርጥ ነው ብልሽ ትምህርት አቋረጠ ብለሽ ትታመሚያለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። ማቋረጥ የሚለውን ቃል ስሰማ የሚመጣብኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው። እሱ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ የቀረ ነው። እናቱ ዛሬም ሲነሳባት ታለቅሳለች።

አንድን ትምህርት ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየትና ትምህርት ማቋረጥ አንድ እንዳልሆነ ማን ለእኛ ነገረን? ቅጹ ላይ «ኮርስ ማቋረጫ» ከሚባል ሌላ ስም ይሰጠው። ማቆያ፣ ማስተላለፊያ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ስሙን ፈርተው ይወድቃሉ።

የማታ መምህር
ማክሰኞ፣ ሌሊት 5:10

እናታችን ያሉት ልቤን ነካው። እኔም ስሙን እንዲህ አስቤው አላውቅም።

የምጽፈው መምህር ሆኜ ነው። ውጤት የሚያዘገየው እኔን የመሰለ ሰው ነው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ባልፍ ደግ አይሆንም። ሦስት ቦታ አስተምራለሁ። ሰኞና ረቡዕ ቃሊቲ በኩል፣ ማክሰኞና ሐሙስ አያት በኩል፣ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ቦታ። አንዱ ሴክሽን 85 ተማሪ አለው። የሚድ ወረቀት በማዳበሪያ ይዤ ቤት እገባለሁ። መብራት ይጠፋል፣ ልጅ ይታመማል፣ ሌላኛው ኮሌጅ ፈተና አውጣ ይላል። አንድ ሳምንት የተባለው ወር ይሆናል። የኮዬዋ፣ የአንቺ መምህር እኔ ባልሆንም ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል።

ውጤት የመመለሱ ቀን ከመተዊያው ቀን ጋር መያያዝ እንዳለበት አምናለሁ። ተማሪው ምን እንደሚመዝን ላሳይ። በአብዛኛው ቦታ ከ100ው 50ው በሴሚስተሩ ውስጥ የሚሰበሰብ ነው፤ 50ው ፋይናል ነው። ከመጀመሪያው 50 ውስጥ 12 የያዘ ልጅ 50 ለመድረስ ከፋይናሉ 50 ውስጥ 38 ማምጣት አለበት። ሚድ ላይ የቸገረው ልጅ ፋይናል ላይ 38 ያመጣል? አንዳንዱ ያመጣል፤ የሰበታው ወንድማችን አምጥቷል። ግን ይህን ሒሳብ ሠርቶ፣ አድቫይዘሩን አማክሮ ይወስን። ቁጥሩ ሳይኖረው ምኑን ያሰላል?

በዲ ተንጠልጥሎ ማለፍም ነገ ያስቸግራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ለመመረቅ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። ተማሪ ያልገባውን ኮርስ ዓመት አቆይቶ ገብቶት ቢያልፍ እዚያ ላይ ይጠቅመዋል።

መፍትሔው ላይ አንድ ነገር ልበል። ሚድን አትጠብቁ። ሚድ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ 85 ወረቀት አርሞ መመለስ ጊዜ ይወስዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት አንድ ገጽ ኩዊዝ ይሰጥ። ከ15 ወይም ከ20 የሚያዝ። አንድ ገጽ ኩዊዝ በሁለት ማታ አርሜ እመልሳለሁ፤ ይህን ቃል ልገባ እችላለሁ። ከዚያ መምህሩ ውጤት ካልመለሰ ለዚያ ሴክሽን የመተዊያው ቀን አይቆጠር። ውጤት ከተመለሰ በኋላ ሁለት ሳምንት ይሰጥ።

የድሮ ሬጅስትራር
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

መምህር፣ በኩዊዙ እስማማለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥዎት። በመጨረሻው ግን አልስማማም።

ለየሴክሽኑ የተለያየ ቀን ከሆነ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ምን ትሁን? አንድ ተማሪ አራት ኮርስ ይዞ አራት የተለያየ መተዊያ ቀን ይኖረዋል። ማንም አያስታውሰውም። ጠብም ያመጣል፤ «ለእነ እገሌ ቀኑ አላለፈም፣ ለእኔ ለምን?» ይባላል። ቀን ለሁሉም አንድ ሲሆን ነው የሚከበረው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። የመተዊያው ቀን በስምንተኛው ሳምንት ዓርብ ይሁን፤ ለሁሉም። መምህራን ግን ከ20 ያላነሰ ውጤት በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ለዲፓርትመንት ያስገቡ። ያላስገባውን የዲፓርትመንቱ ኃላፊ (ሄዱ) ይጠይቀው። ተማሪው ሁለት ሳምንት ማሰቢያ አገኘ ማለት ነው፤ ሴሚስተሩም 16 ሳምንት ስለሆነ ገና ግማሹ ላይ ነን። የሰበታው ያነሳው የግሩፕ ሥራም ግማሹ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ያንሳል፤ መምህሩ ግሩፑን ለመሸጋሸግ ጊዜ አለው።

የማታ መምህር
ረቡዕ፣ ቀን 7:00

ጋሼ፣ መምህሩ በስድስተኛው ሳምንት ባያስገባስ? ሄዱ ሲጠይቀው፣ ሲለማመጠው አሥረኛው ሳምንት ይደርሳል። ጥፋቱ የእኛ፣ ኤፉ የተማሪው ሆነ ማለት ነው። እኔ ራሴን አውቃለሁ፤ የሚያስጨንቀኝ ነገር ከሌለ ወረቀቱ ይቆያል።

የድሮ ሬጅስትራር
ረቡዕ፣ ቀን 8:20

እሺ። ልክ ነዎት፤ ቀኑን ለተማሪው ብቻ ማጥበቅ ፍትሕ አይሆንም። እንዲህ ቢሆንስ? ቀኑ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ስምንተኛው ሳምንት ዓርብ። ውጤት ያልተመለሰበት ሴክሽን ግን ስሙ በዚያው ቀን በሰሌዳ ይለጠፍ፤ የዚያ ሴክሽን ተማሪዎች እስከ አሥረኛው ሳምንት ዓርብ ይሰጣቸው። ሁለት ቀን ብቻ። ሦስተኛ ቀን አይኖርም። ይህን ቢሮ ሊሠራው ይችላል።

የማታ መምህር
ረቡዕ፣ ቀን 8:35

ተስማምቻለሁ። የሴክሽኔ ስም ተለጥፎ ከማየት በሌሊት ባርም ይሻለኛል።

ከአያት ኦሃዮ
ረቡዕ፣ ማታ 4:00

ሰላም ከዚህ ማዶ። አያት ኮንዶሚኒየም ያደግሁ ነኝ፤ አሁን አሜሪካ እማራለሁ። የዚህን አገር አሠራር ላካፍላችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

እዚህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ቀን አለ። የመጀመሪያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ የተተወ ኮርስ ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም። ሁለተኛው ሴሚስተሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ስትተው ደብሊው የምትል ፊደል ትጻፋለች። ደብሊው ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ውስጥ አትገባም። ኮርሱን ጀምሮ እንደተወው ታሳያለች እንጂ ውጤት አታወርድም። የኮዬዋ ይህን ፊደል ደብዳቤሽ ላይ ብታነሺው ጥሩ ነው። «ኤፍ ወይም ምንም» ከሚል ምርጫ መሃል የምትቀመጥ ናት።

ግን ነፃ አይደለችም። የፌደራል የትምህርት ድጋፍ የሚወስዱ ልጆች ከሞከሩት ክሬዲት አብዛኛውን መጨረስ አለባቸው፤ በብዙ ቦታ 67 በመቶ ነው። ደብሊው እንደተሞከረ ነው የሚቆጠረው። ሴሚስተሩን በሙሉ ከለቀቁ ደግሞ 60 በመቶው ሳያልፍ የወጣ ልጅ ከድጋፉ ከፊሉ ተመላሽ ይሆንበታል።

እዚህ ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ። በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ የመጣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ኮርስ ትቶ ከ12 በታች ከወረደ፣ አስቀድሞ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ካልፈቀደለት፣ ቪዛው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። አንድ የአገሬ ልጅ ኬሚስትሪ ከበደው፤ ቀኑ ሳያልፍ በኢንተርኔት ገብቶ ተወው፤ 9 ክሬዲት ቀረው። ማንንም አላማከረም። ጉዳዩን እስኪያስተካክል ያየው መከራ ቀላል አልነበረም። ቀኑን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ከመተዋችሁ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ሱሉልታ 01
ረቡዕ፣ ማታ 4:15

ጋሼ የድሮ ሬጅስትራር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ለዶርሜ ልጆች ሁሉ አነበብኩላቸው። ዛሬ ሄጄ የአድ ኤንድ ድሮፑን ቀን ጠየቅሁ፤ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ።

ገላን ኮንዶ
ረቡዕ፣ ማታ 4:30

የኮዬዋ፣ ፊርማውን አትርሺው! በእኛ ቅጹ ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፤ አድቫይዘር፣ ዲፓርትመንት ሄድ፣ ሬጅስትራር። ሦስቱም ቢሮ 11:30 ይዘጋል። እኛ ግቢ የምንደርሰው 11:30 ነው። ቀኑ ስምንተኛ ሳምንትም ይሁን አሥረኛ ቢሮው ከተዘጋ ምን ዋጋ አለው? እኔ ለአንዲት ፊርማ ሁለት ቀን ከሥራ ቀርቼ ሁለት ቀን ደመወዝ ተቆርጦብኛል።

የኮዬዋ
ሐሙስ፣ ማታ 3:30

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ፈረቃዬ እንደገና ስለተቀየረ ቤት ነኝ። ሁላችሁንም እያነበብኩ የጻፍኩት ይኸውላችሁ።

«ለአካውንቲንግ ትምህርት ክፍል። ጉዳዩ፦ ኮርስ የማቆያ ጊዜ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ። እኛ የማታ ተማሪዎች ኮርስ ለመቀነስ የተሰጠን ጊዜ የሚያልፈው አንድም ውጤት ሳናይ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። አድ ኤንድ ድሮፑ ባለበት ይቀጥል። ከእሱ ሌላ በስምንተኛው ሳምንት ዓርብ የሚያበቃ፣ አንድን ኮርስ ለይቶ ማቆየት የሚቻልበት ሁለተኛ ጊዜ ይኑር፤ በዚህ ጊዜ የቆየ ኮርስ በደብሊው ይመዝገብና ነጥብ ውስጥ አይግባ። እያንዳንዱ መምህር እስከ ስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከ20 ያላነሰ ውጤት ይመልስ። ውጤት ያልተመለሰበት ሴክሽን እስከ አሥረኛው ሳምንት ዓርብ ይራዘምለት። አንድ ተማሪ በጠቅላላው የትምህርት ዘመኑ ከሁለት ኮርስ በላይ እንዳያቆይ ይወሰን። ኮርሱ መቼ ተመልሶ እንደሚከፈት ቅጹ ላይ ተጽፎ ተማሪው አንብቦ ይፈርም። ቀኖቹ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከነዕለቱ ይለጠፉ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢሮው ቅዳሜ ጠዋት ለማታ ተማሪዎች ክፍት ይሁን። ቅጹም ኮርስ ማቆያ ተብሎ ይጠራ።»

የመጨረሻዋ የእናታችን ናት። እስካሁን ከሴክሽናችን 41 ልጆች ፈርመዋል። የእኔ ኤፍ አይነሳም፤ እሱን አልጠየቅሁም። ስታትስቲክስን በሚቀጥለው ዓመት እደግመዋለሁ።

የሰበታው
ሐሙስ፣ ማታ 3:50

የሁለት ኮርስ ገደቡን ስላስገባሽው እኔም እደግፋለሁ። ስታትስቲክስ ላይ እርዳታ ከፈለግሽ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ፕሮባቢሊቲ ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ሳሪስ ላይ መገናኘት እንችላለን።

የድሮ ሬጅስትራር
ዓርብ፣ ጠዋት 1:10

ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሻል። ለሄዱ በእጅ አትስጪው። መዝገብ ቤት አስገቢ፤ ግልባጭ ለሬጅስትራርና ለአካዳሚክ ዲኑ አድርጊ። የገቢ ቁጥር ሳትይዢ ከቢሮው አትውጪ። የሴሚስተሩ የጊዜ ሰሌዳ ከመታተሙ በፊት ይድረሳቸው፤ አንዴ ከታተመ በዚህ ሴሚስተር አይነካም።

የኮዬዋ
ዓርብ፣ ማታ 3:15

ዛሬ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ሄድኩ ጋሼ። የጊዜ ሰሌዳው ገና አልታተመም፤ ሰኞ ይታተማል ተባልኩ። መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። የገቢ ቁጥሩን ይዣለሁ።